ዕቃው ምን ጨመረበት?

የዚህን ወር ጨዋታ በአንድ ትንሽ ሙከራ እንጀምር። ቀዝቀዝ ያለ አምቦ ውኃ ክፈቱና በብርጭቆ ቅዱ። የመጀመሪያው ግርግር ጋብ ሲል ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አስጠግታችሁ አረፋዎቹን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አረፋው ከየቦታው አይነሣም። ከብርጭቆው ግድግዳና ከወለሉ፣ ከተወሰኑ ነጥቦች ብቻ፣ ክር ላይ እንደተሰካ ጨሌ ተከታትሎ ይወጣል። በእነዚያ ነጥቦች ላይ ዓይን የማያየው ጭረት ወይም ከመወልወያው ጨርቅ የቀረ ቃጫ አለ። ጋዙ ከውኃው ለመውጣት መነሻ ቦታ ይፈልጋል፤ መነሻውን የሚሰጠው ዕቃው ነው።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ነው። ዕቃ የያዘውን ነገር ዝም ብሎ አይዝም። አንዳንዴ ይጨምርበታል፣ አንዳንዴ ይቀንስበታል፣ አንዳንዴ ደግሞ ስለ እሱ ይናገራል። ይህ ነገር ያሳሰባቸው የሳይንስ ሰዎች ብርጭቆን ያለ ምንም ዕቃ፣ አየር ላይ አንሳፍፈው እስከ ማቅለጥ ደርሰዋል። ጉዳዩ ሩቅ ይመስላል፤ ግን እጃችሁ ላይ ካለው ስልክም፣ ከወጥ ቤታችሁ መደርደሪያም ይገናኛል።

በማርኬቲንግ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ደጋግመን ከምንጠራቸው ቃላት አንዱ “ጥራት” ነው። ማስታወቂያ ላይ እንጽፈዋለን፣ ማሸጊያ ላይ እናትመዋለን። ቃሉ “ጠራ” ከሚለው የወጣ ነው፤ ጠላው ጠራ፣ ሰማዩ ጠራ እንደምንለው። እንግዲህ አንድ ዕቃ “ጥራት ያለው” ወይም “ንጹሕ” ሲባል ሁለት ጥያቄዎች አብረው መነሣት አለባቸው፦ ከምን የጠራ? ለምን አገልግሎት?

አለቱ የሰጠው ጣዕም

ከአምቦ እንጀምር። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፋችሁ፣ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛችሁ ነው የምትደርሱት። በአንድ ወቅት ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው ይህች የምዕራብ ሸዋ ከተማ ስሟን በየቤቱ ያስገባላት ውኃዋ ነው። ውኃው በጠርሙስ መታሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው።

አምቦ ውኃ ንጹሕ ነው? ለመጠጥ፣ አዎ። ለኬሚስት ግን መልሱ ሌላ ነው። የዝናብ ውኃ ወደ መሬት ሰርጎ በእሳተ ገሞራ አለት መካከል ሲጓዝ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይዞ ይሄዳል። ከከርሰ ምድር የሚመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይቀላቀለዋል። በኬሚስት ሚዛን ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው የተጣራ ውኃ ከአምቦ ይበልጥ ንጹሕ ነው፤ ግን ማንም እሱን ከክትፎ ጋር አያዝም። አምቦን አምቦ ያደረገው የያዘው አለት የጨመረበት ነገር ነው።

እናቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። የወተት ዕቃ በወይራ የሚታጠነው ዕቃው ለወተቱ መልካም ሽታ እንዲሰጠው ነው። የጠላ ጋንም እንዲሁ ይታጠናል። ዕቃው ዝም እንዲል ሳይሆን ደስ የሚል ነገር እንዲናገር ነበር የሚፈልጉት።

ውኃው ከአለቱ ከወጣ በኋላ ግን የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ ማንም ምንም እንዳይጨምርበት፣ ጋዙንም እንዳያወጣበት። እዚህ ላይ ጠርሙስ ይገባል። በደንብ በቆርኪ ከታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ በመስተዋቱ ግድግዳ አያልፍም። በፕላስቲክ ግድግዳ ግን ቀስ እያለ ያልፋል፤ ለዚህ ነው በፕላስቲክ የታሸገ ባለ ጋዝ መጠጥ ብዙ ሲቆይ የሚደክመው። ጠርሙስ ጣዕምም ሽታም አይሰጥም። ከምናውቃቸው የቤት ዕቃዎች ሁሉ ዝምተኛው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሸዋው ከሙገር

ታዲያ ይህ ዝምተኛ ዕቃ ራሱ ከምን ይሠራል? ከሦስት ዋና ዋና ነገሮች፦ ከሲሊካ አሸዋ፣ ከሶዳ አሽና ከኖራ ድንጋይ። አሸዋው ብቻውን እንዲቀልጥ 1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። ሶዳው ያንን ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል፤ ኖራው ደግሞ ብርጭቆው በውኃ እንዳይበላ ያጠነክረዋል።

የሚገርመው፣ ከሦስቱ ሁለቱ እዚያው ምዕራብ ሸዋ ውስጥ መገኘታቸው ነው። በሲሚንቶው የምናውቀው የሙገር ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ብቻ ሳይሆን የሲሊካ አሸዋም አለው። አዲስ አበባ ጠርሙስና ብርጭቆ ፋብሪካ ከዚያ አካባቢ የሚመጣ አሸዋ ሲጠቀም ቆይቷል። ሶዳ አሹ ደግሞ በስምጥ ሸለቆው የአቢጃታ ሐይቅ ሲመረት የቆየ ነው።

አሸዋ ግን ብቻውን አይመጣም፤ ብረት ይዞ ይመጣል። የመስኮት መስተዋት ቁራጭ ካገኛችሁ እጃችሁን ጠብቃችሁ በጠርዙ በኩል ተመልከቱት። ፊት ለፊት ሲያዩት ምንም ቀለም የሌለው መስተዋት በጠርዙ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። አረንጓዴው ብረቱ ነው። በጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት አይታይም፤ ብርሃኑ ረዥም መንገድ ሲሄድ ግን ይታያል። ለጠርሙስ ይህ ችግር አይደለም። ብርሃንን ኪሎ ሜትሮችን ማሳለፍ ለሚፈልግ ሰው ግን ትልቅ ችግር ነው።

ማቅለጫው ሲያስቸግር

ሁለተኛ ችግርም አለ። ብርጭቆ የሚቀልጠው በምድጃ ውስጥ ነው፤ የምድጃው ግድግዳም እሳት ከሚችል ጡብ የተሠራ ነው። በዚያ ሁሉ ሙቀት ጡቡም ጥቂት በጥቂቱ ይበላል። ከጡቡ የተፈረፈረ ነገር ወደ ቅላጩ ይገባል። በተለይ እጅግ ከፍተኛ ሙቀት የሚፈልጉ የብርጭቆ ዓይነቶችን ለማቅለጥ ሲሞከር፣ የማቅለጫው ዕቃ ራሱ የብርጭቆው ቆሻሻ ይሆናል።

ሦስተኛው ችግር ከአምቦው አረፋ ጋር አንድ ነው። ብርጭቆ ብርጭቆ የሚሆነው የቀለጠው ነገር ሲቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ በሥርዓት ሳይሰለፉ፣ እንደተዘበራረቁ ሲጠነክሩ ነው። ከተሰለፉ ብርጭቆነቱ ይቀርና እንደ ጨው ወይም እንደ ስኳር ቅንጣት ይሆናል። ሰልፉ ደግሞ መነሻ ይፈልጋል። መነሻውን የሚሰጠው፣ ልክ ለአረፋው እንደሰጠው፣ የዕቃው ግድግዳ ነው። አንድ ቦታ ከጀመረ በቀሪውም ይዛመታል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? የተሻለ ዕቃ መሥራት እስከ አንድ ደረጃ ያግዛል። ከዚያ ወዲያ ግን የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ዕቃውን ጨርሶ ማስቀረት።

በአየር ላይ የቀለጠ ጠብታ

ይህን ቤት ውስጥ ለልጆች ማሳየት ትችላላችሁ። የፀጉር ማድረቂያ ቀዝቃዛው አየር ላይ አድርጋችሁ ወደ ላይ አቁሙና ቀላል የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ከላዩ ልቀቁ። ኳሷ አየሩ ላይ ተንሳፍፋ ትቆማለች፤ ማድረቂያውን ትንሽ ብታዘነብሉት እንኳ ቶሎ አትወድቅም።

በቤተ ሙከራ የሚደረገውም ይኸው ነው። የምስር ፍሬ የምታክል ቅንጣት፣ ከታች በኩል በጠባብ ቀዳዳ በሚነፍስ ጋዝ ላይ ትንሳፈፋለች። ከላይ የሌዘር ጨረር ያርፍባትና ከ2,000 ዲግሪ በላይ ሞቃ ትቀልጣለች። ግድግዳ የላትም፣ ወለል የላትም፤ የነካት ጋዝና ብርሃን ብቻ ነው። ሌዘሩ ሲጠፋ በሰከንዶች ውስጥ ትቀዘቅዛለች። መነሻ የሚሰጣት ግድግዳ ስለሌለ፣ በተለመደው ማቅለጫ ውስጥ ብርጭቆ መሆን እምቢ የሚሉ ማዕድናት እንኳ ብርጭቆ ይሆናሉ።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። በጠንካራ የድምፅ ሞገድ ማንሳፈፍ ይቻላል። በኤሌክትሪክ ኃይልም ይቻላል፤ ፀጉር ያበጠርንበት የፕላስቲክ ማበጠሪያ ቁራጭ ወረቀት ወደ ላይ እንደሚስበው ማለት ነው። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በአላባማ በሚገኘው ማርሻል ማዕከሉ በዚህ ዘዴ የሚሠራ መሣሪያ አለው። በኢሊኖይ ግዛት የነበረ፣ ስሙ ራሱ “ያለ ዕቃ ምርምር” የሚል ትርጉም ያለው ኩባንያ ደግሞ በናሳ ድጋፍ ከአሉሚኒየም ኦክሳይድና ብርቅ ከሚባሉት ማዕድናት የተሠራ ብርጭቆ በተንሳፋፊ ጠብታ አጥንቶ፣ ለሌዘር መሣሪያዎች የሚሆን ምርት አውጥቷል።

ከሁሉ የሚመቸው ቦታ ግን ክብደት የማይሰማበት ሕዋ ነው። እዚያ ጠብታን ለማንሳፈፍ ከታች መግፋት አያስፈልግም፤ ከቦታዋ እንዳትርቅ መጠበቅ ብቻ ይበቃል። ጃፓኖች በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ባላቸው ክፍል ውስጥ ለዚሁ የሚሆን ምድጃ ተክለዋል።

ስበት ሲቀር የሚጠቀም ሌላ ብርጭቆም አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በፈረንሳይ ሬን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እግረ መንገዳቸውን ያገኙት፣ ከዚርኮኒየምና ከሌሎች ፍሎራይዶች የሚሠራ የብርጭቆ ቤተሰብ ነው። በስሌት ከሲሊካ የበለጠ ብርሃን ሊያሳልፍ ይችላል፤ ነገር ግን ምድር ላይ ወደ ቀጭን ክር ሲሳብ በውስጡ ጥቃቅን ቅንጣቶች እየተፈጠሩ ያደበዝዙታል። በሕዋ ግን ይህ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በጠፈር ጣቢያው ውስጥ ከዚህ ብርጭቆ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ክር ተስቧል።

የጋን ውስጥ መብራት

“ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?” እንደምትሉ ይገባኛል። መልሱ ስልካችሁ ውስጥ አለ።

ችሎታው ሳይታይለት የቀረን ሰው “የጋን ውስጥ መብራት” እንለዋለን። ብርሃን በዕቃ ውስጥ ተዘግቶ ከንቱ ይቀራል ማለታችን ነው። ብርጭቆም ለረዥም ዘመን ለብርሃን እንደ ጋን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በነበረው ብርጭቆ ከገባው ብርሃን 20 ሜትር ላይ የሚተርፈው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 እንግሊዝ አገር ይሠሩ የነበሩት ቻርልስ ካኦ፣ ከባልደረባቸው ከጆርጅ ሆክሃም ጋር አንድ ነገር አስተዋሉ። ጥፋቱ የብርጭቆው አይደለም፤ በውስጡ ያለው ቆሻሻ፣ በተለይም ብረቱ ነው። ከቆሻሻው ከጠራ ብርሃን ኪሎ ሜትሮችን ሊጓዝ ይችላል አሉ። ከአራት ዓመት በኋላ የአሜሪካው ኮርኒንግ ኩባንያ ሠርቶ አሳየ። ካኦም እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት አገኙበት።

ያ ጥራት የተገኘው አሸዋን በምድጃ በማቅለጥ አልነበረም። ሲሊካው መጀመሪያ ከክሎሪን ጋር ተዋሕዶ ከ60 ዲግሪ በታች የሚፈላ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ የሚደረገውን አረቄ ሲወጣ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንፋሎቱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ድፍድፉ ከታች ይቀራል። ብረቱም የሚተነው በብዙ መቶ ዲግሪ ስለሆነ ከድፍድፉ ጋር ይቀራል። የጠራው እንፋሎት በነበልባል ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ እንደ ጥላሸት የረቀቀ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ ተጠራቅሞ ይጋገርና እንደ ዘንግ ያለ ጥርት ያለ ብርጭቆ ይወጣዋል። ዘንጉ ከከፍታ ላይ ይንጠለጠላል። የታችኛው ጫፉ ብቻ በ2,000 ዲግሪ ገደማ ይሞቅና ከባዘቶ ፈትል እንደሚሳብ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር ይሳባል። የምድጃ ገንዳ አላገኘውም፣ የማቅለጫ ግድግዳ አልነካውም። እንደ ተንሳፋፊዋ ጠብታ ባይሆንም፣ ሐሳቡ ያው ነው፤ የዕቃውን እጅ ማሳጠር።

ውጤቱን በአገራችን መንገድ እንለካው። በዛሬው የብርጭቆ ክር ከገባው ብርሃን ግማሹ 15 ኪሎ ሜትር ላይ ገና አለ። ከአምቦ ጉደር ያለው መንገድ ከዚህ ያጥራል። በ1960ዎቹ ከአንድ ግቢ የማያልፍ የነበረ ብርሃን፣ ዛሬ ከአምቦ ተነሥቶ ጉደርን አልፎ ግማሹ ይቀራል። በውጭ አገር ካለ ልጃችሁ ጋር በቪዲዮ ስታወሩ፣ ፊቱ በብርሃን መልክ ውቅያኖስ አቋርጦ የሚመጣላችሁ በእንዲህ ያለ ክር ነው። መብራቱ ከጋኑ ወጣ፤ ያወጣውም “ከምን የጠራ?” የሚለው ጥያቄ ነው።

ወደ ወጥ ቤታችን

እኛ ቤት የሚንሳፈፍ ነገር የለም። ሁሉ ነገራችን በዕቃ ነው። ስለዚህ ከእነዚህ ሰዎች የምንወስደው ጥያቄያቸውን ነው፦ ዕቃው ምን ጨመረበት?

ትኩስ ሾርባ፣ ትኩስ ፉል ወይም የፈላ ሻይ በፌስታል ሲቀዳ ጥያቄው መነሣት አለበት። ከፕላስቲክ ወደ ምግብ የሚገባ ነገር በሙቀትና በቅባት ይጨምራል። ትኩስና ቅባት ያለውን ምግብ በመስተዋት፣ በሸክላ ወይም በብረት ዕቃ ያዙ፤ ፕላስቲክ ግድ ከሆነ ምግቡ ይብረድ። መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የከረመ የፕላስቲክ ውኃንም ተክል አጠጡበት። ከውጭ የመጣ ከባድ ክሪስታል ጠርሙስ ካላችሁ ደግሞ ሊድ ያለበት ሊሆን ስለሚችል መጠጥ አታክርሙበት፤ ቀድታችሁ ወዲያው ጠጡ።

መለያ ወረቀት ላይ “ንጹሕ” እና “ተፈጥሯዊ” የሚሉ ቃላት ስታዩ እዚያው አታቁሙ። እነዚህን ቃላት የምንመርጣቸው እኛ የማርኬቲንግ ሰዎች ስለሆንን፣ ቃሉ ዋጋ የሚኖረው ከምን እንደጠራ ሲነግራችሁ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። ወረቀቱን አዙሩና ይዘቱን፣ የታሸገበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ የደረጃ ምልክቱን ተመልከቱ።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ግን ይህን ነው። ዕቃ ይናገራል ብያለሁ። በእኛ አገር አንድ የታሸገ ውኃ ስሙ ለፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል፤ ማንኛውንም የፕላስቲክ ጠርሙስ “ሃይላንድ” እንላለን። ለሙያዬ ይህ ትልቅ ስኬት ነው፤ ለቤተሰብ ግን አደጋ አለው። ማንበብ የማይችል የሦስት ዓመት ልጅ ጠርሙሱን ያነባል። ለእሱ የሃይላንድ ቅርጽ ውኃ ነው፣ የአምቦ ወይም የለስላሳ ጠርሙስ የሚጣፍጥ መጠጥ ነው። እኛ ግን በዚያው ጠርሙስ በረኪና እናስቀዳለን፣ ነጭ ጋዝ እናስቀምጣለን፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ጥግም እናቆመዋለን። ልጁ ሲጠማው የሚያደርገው ግልጽ ነው፤ ጠርሙሱ የነገረውን ያምናል።

ስለዚህ ይህን መጽሔት ስታስቀምጡ ተነሡና የወጥ ቤቱን የታችኛ ቁም ሳጥንና መታጠቢያ ቤቱን ፈትሹ። በመጠጥ ጠርሙስ የተቀመጠ በረኪና፣ ነጭ ጋዝ ወይም የተባይ ማጥፊያ ካለ ዛሬውኑ የመጠጥ መልክ ወደሌለው ዕቃ አዛውሩት፤ ከልጅ እጅ በላይም አድርጉት። የቤት ሠራተኛ ወይም ሞግዚት ካለች አብራችሁ አሳዩአት። ምናልባት ልጅ ጠጥቶ ከተገኘ እንዲያስመልሰው አታስገድዱት፤ ነጭ ጋዝም በረኪናም ሲመለስ ዳግም ይጎዳል። የጠጣበትን ጠርሙስ ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

በሚቀጥለው ወር በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ፣ ቤታችሁ ሰላም ይሁን።